ዓይን ሲከሰስ፦ የቀጨኔ ባለ እጆችና የትኩረት ሥነ ልቦና

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች፣ ሸክላ የሴቶች ሙያ ነው። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይለወሳል፣ እስኪላቆጥ ድረስ ይታሻል። ከዚያ ያለ ምንም መሽከርከሪያ፣ በመዳፍና በጣት ብቻ፣ ምጣዱም ድስቱም ጀበናውም ቅርጽ ይይዛል። የጀበናው አንገት በሚቀጠልበት ሰዓት የሠሪዋ ዓይን ከጭቃው አይነሳም። ባንድ በኩል ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱ በደንብ ሳይወጣለት እሳት ካገኘው ይፈነዳል፣ የብዙ ቀን ድካምም ባንድ አፍታ ገል ይሆናል። በለስላሳ ጠጠር ታሽቶ፣ ደርቆ፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በቅጠል ተተኩሶ ወደ ገበያ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ጀበናና ሽሮ የሚንተከተክበት ድስት ስንቱ ከዚህ ሰፈር እንደወጣ ገዢው አይጠይቅም።

ይህች ዓይኗን ከጭቃው የማታነሳ ሴት ግን በሰፊው የአገራችን ክፍል ለብዙ ዘመን የተፈራችው በዓይኗ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው “ቡዳ” ተብሏል። ቡዳ ያየው ሕፃን ይታመማል፣ የሚያምር ወጣት ይመነምናል፣ የምትታለብ ላም ትነጥፋለች ተብሎ ይታመናል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውም አለ። የቀጨኔ ባለ እጆች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ፤ ቀደምቶቻቸው ከተማዋ ስትቆረቆር በሙያቸው ሊያገለግሉ እንደመጡ ይናገራሉ። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የሚጠሩ፣ ከቤተ እስራኤል ጋር የሚዛመድ ታሪክና እምነት አለን የሚሉም አሉ። ከሙያው ጋር “ቡዳ” የሚለው ስምም ተከትሏቸው መጣ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ ሙያን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። አዋጁ የስድቡን አፍ ለመዝጋት ሞከረ፤ ፍርሃቱ ግን በአዋጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ አልነበረም። ፍርሃቱ የሚኖረው የሰው ልጅ ትኩረትና ንቃተ ህሊና በሚሠሩበት መንገድ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረውም ለዚሁ ነው፦ ከቡዳ እምነት ውስጥ አንዱ ክፍል ከአእምሯችን አሠራር የመጣ፣ በየአገሩ ያለ የሰው ባሕርይ ነው፤ ሌላው ክፍል ማለትም ተከሳሹን የሚመርጠው ከታሪክና ከመሬት ሥሪት የመጣ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ እንደ አንድ እውነት ይታያሉ፤ ሲለያዩ ግን ክሱ የሚቆምበት እግር ያጣል።

ከዓይን እንጀምር። አንድ ሰው ከኋላችን ሲያፈጥብን “ይሰማናል” የሚለው እምነት ከቡዳ እምነት ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም ዕይታ ከዓይን ወጥቶ ሌላው ሰው ዘንድ ይደርሳል ይላሉ። ኤድዋርድ ቲችነር በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ሳለ ተማሪዎቹ ይህን በእርግጠኝነት ሲናገሩ ይሰማ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1898 ጉዳዩን በሙከራ ፈተነው፤ ይሰማኛል የሚለውን ሰው ከኋላው እያዩትና ሳያዩት አወዳደረ፣ ምንም አላገኘም። እምነቱ ከየት እንደሚመጣ የሰጠው ማብራሪያ ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ከኋላው ብዙ ሰው የተቀመጠበት ሰው ጀርባው ያስጨንቀዋልና ዞር ይላል። ዞር ማለቱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴ ደግሞ ዓይን ይስባል። ስለዚህ ሲዞር በርግጥም የሚያየው ሰው ያገኛል፤ ያ ሰው ማየት የጀመረው ግን እሱ በመዞሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ኩቨር ሙከራውን ሰፋ አድርጎ ደገመው፤ ተሳታፊዎቹ በትክክል የመለሱት ከመቶው ሃምሳ ያህሉን ብቻ ነበር፣ ሳንቲም ወርውረው ቢገምቱ ከሚያገኙት የማይለይ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ ይገባል፦ ስሜቱ እውነተኛ ነው። ሰውዬው አይዋሽም፣ በርግጥም ተሰምቶታል። የተሳሳተው የስሜቱ ምክንያት ላይ ነው።

ታዲያ የሰው ልጅ ዕይታን እንደሚነካ ነገር አድርጎ የሚያስበው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አርቪድ ጉተርስታም፣ ማይክል ግራዚያኖና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ያልተጠበቀ መልስ ሰጠ። ተሳታፊው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ረጅም የወረቀት ቱቦ ያያል። ከእሱ የሚጠበቀው ቱቦው ምን ያህል ቢያዘነብል እንደሚወድቅ መገመት ብቻ ነው። ከቱቦው ባንድ ወገን የሰው ፊት አለ፤ ቱቦውን ትኩር ብሎ ያያል። ቱቦው ወደሚያየው ፊት አቅጣጫ ሲያዘነብል ተሳታፊዎቹ ትንሽ ይበልጥ ዘንበል ብሎም ሊቆም እንደሚችል ገመቱ፤ ከዓይኑ የሚወጣ አንዳች ለስላሳ ኃይል ቱቦውን ደግፎ የያዘው ይመስል። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፣ ነገር ግን ተደጋግሞ ታየ። የፊቱ ዓይን ሲሸፈን ጠፋ። ፊቱ የሚያየው ቱቦውን ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ግድግዳ ነው ተብሎ ሲነገራቸውም ጠፋ። በመጨረሻ በግልጽ ሲጠየቁ ደግሞ አብዛኞቹ ዕይታ ብርሃን ወደ ዓይን መግባት እንጂ ከዓይን መውጣት እንዳልሆነ በትክክል መለሱ። አፋቸው ሳይንሱን ያውቃል፤ ከሥር ያለው ግምታቸው ግን ዓይን ይገፋል ይላል።

ግራዚያኖ ይህን የሚያብራራው ስለ ንቃተ ህሊና ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሁሉም የዘርፉ ሰው የተቀበለው ባይሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ብርሃን ቀላል አይደለም። በእሱ አባባል ትኩረት በአንጎል ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ምልክቶች የሚያደርጉት ሽሚያ ነው፤ አንዱ ምልክት ጎልቶ ሌላው ይደበዝዛል። አንጎል ይህን ሽሚያ በዝርዝር ሊከታተለው አይችልም፣ አያስፈልገውምም። የሚያስፈልገው አጭር ሥዕል ነው፦ “እኔ ውስጥ አንድ የማይታይ ነገር አለ፣ ወደዚያ ዕቃ ይዘረጋል፣ ይይዘዋል።” ስለ ሌላውም ሰው የሚስለው ሥዕል ያው ነው፦ “እሷ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ወደ ልጄ እየተዘረጋ ነው።” ይህ ሥዕል ጠቃሚ ነው። ሰው የት እንደሚያይ ማወቅ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ለመገመት ይረዳል፤ ሕፃን ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው የእናቱን ዓይን ተከትሎ ማየት ይጀምራል። የዓይናችን ነጭ ክፍል ከብዙዎቹ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ይበልጥ ጎልቶ መታየቱም አቅጣጫው ከሩቅ እንዲነበብ ያደርገዋል። ጠቃሚ ሥዕል ግን ትክክለኛ ሥዕል ማለት አይደለም። የሚዘረጋ ነገር የለም፤ የሚዘረጋ አድርጎ ማሰብ ግን ከእኛ ጋር የተወለደ ልማድ ይመስላል።

እዚህ ጋ ተቃውሞ ይነሳል፦ ጉዳዩ ይህን ያህል የተፈጥሮ ከሆነ፣ ዓለምም ሁሉ ዓይንን የሚፈራ ከሆነ፣ ጭስ ያለ እሳት ይኖራልን? የመጀመሪያው መልስ ዓለም ሁሉ አይፈራም የሚል ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ጆን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ከመላው ዓለም የተመረጡ 186 ኅብረተሰቦችን መርምሮ የክፉ ዓይን እምነት ያገኘው ከሦስት እጅ አንድ እጅ በሚሆኑት ውስጥ ነው፤ ይበልጡንም የሀብትና የማዕረግ ልዩነት ባለባቸው ዘንድ። ሥዕሉ በሁሉም አንጎል ውስጥ ካለ፣ ፍርሃቱ ግን በአንድ ሦስተኛው ብቻ ከነገሠ፣ ቀሪውን የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ሁለተኛው መልስ ከራሳችን አገር የመጣ ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በመንዝ ኖሮ ስለ ቡዳ እምነት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። መንዝ የሰሜን ሸዋ ነው፤ ብዙ የቀጨኔ ቤተሰቦች መነሻችን የሚሉትም ያንኑ አካባቢ ነው። ሬሚኒክ ያየው ዓለም በሁለት የተከፈለ ነበር፦ ርስት ያለው ገበሬና ርስት የሌለው ባለ እጅ። ገበሬው ያለ ማረሻ ማረስ፣ ያለ ማሰሮ ማብሰል፣ ያለ ሸማ መልበስ አይችልም፤ እነዚህን የሚሠራለት ግን መሬት የሌለው፣ ከእሱ ጋር የማይጋባ ሰው ነው። የምትፈልገውን ሁሉ የሚሰጥህ፣ አንተ ግን ያለህን የነፈግከው ሰው ልጅህን ሲያይ ምን ያስባል? ገበሬው ለዚህ ጥያቄ በራሱ ፍርሃት መለሰ፦ ይመኛል፣ ምኞቱም ይበላል። የአንጎል ሥዕል “አንድ ነገር ከዓይኑ ይወጣል” አለ፤ የመሬት ሥሪቱ “ከማን ዓይን” የሚለውን ሞላ።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ሥሪት ተናደ። እምነቱ ግን ከምክንያቱ በኋላም ቆየ፣ ያም ሊያስደንቅ አይገባም፤ እምነትን በየቀኑ የሚመግበው መሬት ሳይሆን የትኩረትና የማስታወስ አሠራር ነውና። ያን ስመድስሉንድ የተባለ ኖርዌያዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ለነርሶች አንድ መቶ ካርድ ሰጠ። እያንዳንዱ ካርድ አንድ ሕመምተኛ ነው፤ አንድ ምልክት እንደነበረበትና እንዳልነበረበት፣ አንድ በሽታ እንደያዘውና እንዳልያዘው ተጽፎበታል። ካርዶቹ ሆን ተብለው የተዘጋጁት በምልክቱና በበሽታው መካከል ምንም ግንኙነት እንዳይኖር ነበር። አብዛኞቹ ነርሶች ግን ግንኙነት አለ አሉ፤ ምልክቱም በሽታውም ያለባቸውን ካርዶች እየቆጠሩ። ምልክቱ ኖሮ በሽታው የሌለበት፣ ምልክቱ ሳይኖር በሽታው ያለበት ዓይናቸው ውስጥ አልገባም። እነዚህ ሙያቸው ሕመምን መከታተል የሆነ ሰዎች ናቸው። አሁን በአንድ መንደር ልጆች ብዙ ጊዜ እንደሚታመሙ፣ ሸክላ ሻጭ ሴትም በየሳምንቱ በየበሩ እንደምታልፍ እናስብ። እሷ አልፋ ልጅ ያልታመመበት ቀን ስንት ነው? እሷ ሳትመጣ ልጅ የታመመበትስ? እነዚህ ቀናት በማንም ትዝታ ውስጥ የሉም፤ ክስተት አይደሉምና። እሷ “እንዴት ያለ ልጅ ነው!” ብላ “ማርያም ትጠብቀው” ሳትል ያለፈችበት፣ ማታ ትኩሳት የመጣበት ያ አንድ ቀን ግን ለልጅ ልጅ ይነገራል።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ግን ይህ አይደለም። የቡዳ እምነት ዋና ምስክር ሕመምተኛዋ ራሷ ናት። ያማታል፣ ትወድቃለች፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ከዚያ በራሷ ያልሆነ ድምፅ ትናገራለች። ዙሪያዋ የተሰበሰቡት ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ያሸቷታል፣ ያጥኗታል፣ ይጠይቃሉ፦ “ማነህ? ከየት መጣህ? የት አገኘሃት? ማን ላከህ?” ትለፈልፋለች፤ ስም ትጠራለች። ከቀጨኔ በላይ በእንጦጦ ጸበሎችም ሆነ በየአገሩ ቤት ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ልጅቱ ነቅታ ምንም አላስታውስም ስትል ደግሞ እርግጠኝነቱ ይጸናል፦ እሷ ካልተናገረች ሌላ ማን ተናገረ?

“ታስመስላለች” የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም፣ ለሕመምተኛዋም ፍትሐዊ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ በመንፈስ የመያዝ ስሜት ያለበትን የንቃተ ህሊና መለወጥ ራሱን የቻለ መታወክ አድርጎ አስፍሮታል፤ በባህሉ ወይም በሃይማኖቱ ሥርዓት ተቀባይነት ያለውን ደግሞ ከበሽታ ለይቶ ትቶታል። በኡጋንዳ ምባራራ በመንፈስ ተይዘናል ባሉ ሰዎች ላይ ማርዮሊን ፋን ዳይልና ባልደረቦቿ ያካሄዱት ጥናት ሰዎቹ ካልተያዙት ይልቅ ብዙ መከራ ያሳለፉ መሆናቸውን አሳይቷል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒየር ዣኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀድሞ እንዳለው፣ ንቃተ ህሊና ሁልጊዜ አንድ ወጥ አይደለም፤ በጭንቀት ጊዜ ከፊሉ ተነጥሎ ራሱን ችሎ መናገርና መሥራት ይችላል፣ ባለቤቱም “ያ እኔ አልነበርኩም” ቢል እየዋሸ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን የሚቀጥለውን እርምጃ መውሰድ ያስፈልጋል፣ ብዙዎች የሚቆሙትም እዚሁ ላይ ነው። “እኔ አልተናገርኩም” የሚለው ስሜት እውነተኛ መሆኑ የተነገረው ከሌላ መምጣቱን አያረጋግጥም። የፊዚክስ ሊቁ ማይክል ፋራደይ እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን ይህን በጠረጴዛ አሳየ። በዚያን ጊዜ ሰዎች እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲቀመጡ ጠረጴዛው ይዞር ነበርና “መናፍስት ናቸው” ይባል ነበር። ፋራደይ ከእጆቻቸው በታች ትንሹን ግፊት የሚለይ መሣሪያ አደረገ፤ የሚገፉት እጆቹ ነበሩ፣ የእጆቹ ባለቤቶች ግን አልገፋንም ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ከዚህ ይልቅ ወደ እኛ ጉዳይ የሚቀርበው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ የደረሰው ነው። መናገር የማይችሉ የኦቲዝም ተጠቂ ልጆች ረዳት እጃቸውን ደግፋ ስትይዝላቸው በፊደል ሰሌዳ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመሩ ተባለ። ቤተሰብ በደስታ አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከሰሌዳው ላይ ክስ ወጣ፤ አባት አስነወረኝ፣ እናት በደለችኝ የሚል። ቤተሰቦች ፈረሱ፣ ወላጆች ተከሰሱ። ተመራማሪዎች ሲፈትኑት ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለረዳቷ ሌላ ሥዕል አሳዩ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ረዳቷ ያየችው ሥዕል ነበር። ረዳቶቹ አታላዮች አልነበሩም። ልጁን ለመርዳት የደከሙ፣ የሚጽፈው እሱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ውጤቱን ሲያዩ በኀዘን ተሰበሩ። ክሱ የመጣው ከእነሱ ፍርሃትና ግምት ነው፣ እነሱ ሳያውቁት።

የምትለፈልፈው ልጅ ጉዳይ ከዚህ በምን ይለያል? የሚጠይቋት ሰዎች ጥያቄ ራሱ መልሱን ይዟል፦ አንድ የላከ አለ፣ ስም አለው፣ የመጣበት ቦታ አለ። ልጅቱም የመንደሯን ክፍፍል ከሕፃንነቷ ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደማይጋባ፣ የማን ቤት ሲደርስ እናቷ እጇን እንደምትይዛት። “ልታውቀው የማትችለውን ስም ጠራች” የሚለውን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ ነገር ግን በአንድ መንደር ውስጥ ማን ቡዳ ተብሎ እንደሚታማ የማያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ የለም፣ ይህ እውቀት እንደ እውቀት ባይነገርም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር የዛር ሥርዓትን ተከታትሎ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ሥርዓቱ ትያትር መሆኑን ነገር ግን ተዋናዩ የሚኖረው ትያትር መሆኑን አስረድቷል። በዛር የሚመጣው መንፈስ የታወቀ ስም፣ የታወቀ ጠባይና ፍላጎት ያለው ነው፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቀዋል። በቡዳም እንዲሁ። ልዩነቱ በዛር የሚጠራው ስም የመንፈስ ሲሆን፣ በቡዳ የሚጠራው የጎረቤት መሆኑ ነው። ጎረቤት ደግሞ ልጅ አላት፣ ገበያ አላት፣ ለሠርግ የምትጠራበት ወይም የማትጠራበት ቤት አላት።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ አለ፣ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው። ሕመምተኛዋ ከለፈለፈች በኋላ ይሻላታል፤ ቤተሰቡም ይረጋጋል። የሚያድን ነገር ለምን ይነካል? እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይሻላታል። ግን የሻላት በምኑ ነው? ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ ጸሎት ደርሶላታል፣ ትኩረት አግኝታለች፣ ምናልባት በሰላሙ ጊዜ ማንም ያልሰማትን ጭንቀት በሌላ ድምፅ ተናግራለች። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የሸክላ ሠሪ ስም አያስፈልገውም። ስሙ ከተወገደ የጸሎቱ ኃይል፣ የቤተሰቡ ፍቅር፣ የእረፍቱ ጥቅም እንዳለ ይቀራል። ስሙ ሲጠራ ግን የሚጎዳው የተከሰሰው ብቻ አይደለም። መውደቅና መንፈራገጥ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃን ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚጥል በሽታን ከክፉ መንፈስ ጋር ማያያዝ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ አሳይተዋል፤ በሽታው ግን ፌኖባርቢታል በሚባል ርካሽ መድኃኒት በብዙዎች ላይ ሊገታ የሚችል ነው። ጥፋተኛው በተገኘበት ቤት ምክንያት መፈለግ ይቆማል፤ ያቺ የጠፋች ሰዓት ደግሞ በማጅራት ገትር ጊዜ የሕይወት ልዩነት ናት።

ስለዚህ የሚለወጠው ጥያቄው ነው። ልጅቱ ስትወድቅ “ማን ላከህ?” ከማለት ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ትኩሳት አላት ወይ፣ አንገቷ ይታጠፋል ወይ፣ ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች ወይ፣ ስንት ደቂቃ ቆየባት የሚለው ነው። ከነቃች በኋላ ደግሞ ለብቻዋ፣ በዝግታ፦ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ቤት ውስጥ ምን ደረሰብሽ? ማንን ትፈሪያለሽ? ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አንዳንድ ጊዜ ስም ይኖረዋል። ያ ስም ከሰፈሩ ማዶ የምትኖር፣ ልጅቱን አንድ ቀን በመንገድ አይታት ያለፈች ሴት ስም የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው፤ በዚያው ቤት ጣሪያ ሥር ያለ ሰው የመሆኑ ዕድል ግን ከዚያ ይበልጣል። ጸበል የሚያጠምቁ አባቶችም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችም ይህን መልስ ለመስማት ጊዜ ሊሰጡት ይችላሉ።